ሰም ያልጠጣው ጊታር

ባሌ ባንቴይ ያንን ቀይ ጊታር የገዛ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሩዝ እለቅም ነበር። ታክሲውን አቆመ፣ ከኋላ ወንበር ረጅም ካርቶን አወጣ፣ ከዚያ በኔ በኩል መግባት ሲችል በጓሮ ዞረ። በገዛ ቤቱ በጓሮ የሚገባ ሰው ደስ አይለኝም። ሩዙን አስቀምጬ ተከተልኩት።

«ምንድን ነው?»

«ጊታር።»

«የማን?»

«የኔ።»

«ለምን?»

«ለመጫወት ነዋ። ለምን ይሆናል?»

እኛ ከተማ፣ ሺሎንግ ውስጥ ጊታር የሌለበት ቤት ቢፈለግ አይገኝም፣ ስለዚህ ጊታሩ አልገረመኝም። ባንቴይንም ያወቅኩት ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ልጃችን ኢባ ስትወለድ ተወው፣ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ አሁን ኢባ ራሷ ጉዋሃቲ ሄዳ ነርስነት ትማራለች። ሃምሳ ያለፈው ሰው በወጣትነቱ የተወውን ነገር ድንገት ሲያነሳ፣ አንሳው ያለው ሰው አለ። እኔ የፈለግኩት ያንን ሰው ነበር።

ቤቱ የኔ ነው። ለእናቴ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ እኔ ስለሆንኩ ለኔ ቀረ፣ ከኔ በኋላ ለኢባ ይሆናል። ባንቴይ ሲያገባኝ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ ገባ። የኛ ወንዶች አገባባቸው እንደዚህ ነው፣ አወጣጣቸውም እንደዚሁ። የአክስቴ ልጅ ባል ሲሄድ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። መጀመሪያ አዲስ ሸሚዝ ገዛ፣ ቀጥሎ ፀጉሩን ቀባ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ሳጥኑ ከአልጋው ስር አልነበረም። ስለዚህ እኔ ቤት ስጠርግ የባንቴይን ሳጥን በመጥረጊያው ገፋ አደርገውና ክብደቱን አያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክብደቱ ያው ነበር።

ጊታሩ ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። እሱም ውድ ነው ብሎ አልዋሸኝም። ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሲመታው ቆርቆሮ ላይ የወደቀ ማንኪያ ነው የመሰለኝ። ፊቱን አኮማተረ።

«አልወደድከውም?» አልኩት።

«ይሄ አይደለም የምፈልገው ድምፅ።»

«የትኛውን ነው የምትፈልገው?»

«ደረቅ። አጭር። እንጨት እንጨት የሚል። ስትመቺው ወዲያው የሚሞት።»

«የሚሞት ድምፅ ለመስማት ነው ይሄ ሁሉ?»

«የዱይታራ ድምፅ ነው» አለኝ። «የአጎቴን ዱይታራ ታስታውሻለሽ?»

እንዴት አስታውሳለሁ? አጎቱ የሞተው ከመጋባታችን በፊት ነው፣ ዱይታራውም ቤታቸው ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ዱይታራ የአባቶቻችን የሙዚቃ መሣሪያ ነው፣ አራት ክር ነው ያለው፣ ክሩም ሐር ነው። «ታዲያ ዱይታራውን ራሱን ለምን አልገዛህም?» ብለው፣ ዱይታራ ከበሮና ቤዝ ባለበት አይሰማም፣ የሱን ድምፅ ከጊታር ማውጣት ነው የምፈልገው አለኝ። መልስ አላጣም። እኔን ደግሞ ያ ነው የሚያስጠረጥረኝ። ባንቴይ እውነት ሲናገር መልስ ያጣል፣ አንገቱን ያካል።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ዕቃ መጥፋት ጀመረ።

ታክሲ ተራው ጋ ለሾፌሮች ጃዶህ እሸጣለሁ፣ ሩዝ ከአሳማ ሥጋ ጋር። አንድ ቀን ለሾርባ ያስቀመጥኩት የእግር አጥንት ጠፋ። ብፈልግ ብፈልግ ደጃፍ ላይ ባንቴይ እጅ ውስጥ አገኘሁት፤ በሳሙና ቀቅሎ፣ ሰንጥቆ፣ በሞረድ እየሞረደ ነው። የጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ ፕላስቲክ ነበረች፣ እሷን ነቅሎ አጥንት ተካበት። ከዚያ የእናቴን የተበላሸ ራዲዮ ከፈተና ባቄላ የምታህል ነገር በመበየጃ ነቅሎ ወሰደ፤ ከፍ ያለውን ሹል ድምፅ ይበላዋል አለ። ከዚያ ሻይ ቅጠል የሚታሸግበትን የብር ወረቀት ሰብስቦ ጊታሩን ሆዱን ለበጠው፣ እንዳያንሾካሹክ ብሎ። ከዚያ አሮጌ ጫማዬን አነሳሁ፣ ምላሷ የለችም። ከክሮቹ ስር፣ ከእጁ አጠገብ፣ የጫማዬ የቆዳ ምላስ ተሰክታለች።

«የቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ናት።»

«ቀዳዳ ናት፣ የኢባ እናት። አታደርጊያትም።»

«አላደርጋትም። የኔ ናት ግን።»

ድምፁ ግን መለወጡን አልክድም። ማንኪያው ጠፍቶ እንጨቱ መጣ። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ በየጊዜው አንድ ነገር ከለወጠ በኋላ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጊታሩን በጆንያ ጠቅልሎ ይሄዳል።

«ወዴት?»

«ኔስ ጋ።»

ባህ ኔስ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ጓደኛው ነው፣ ማውፕሬም ሰፈር ነው የሚኖረው። እኛ ወንዱን ባህ፣ ሴቷን ኮንግ ብለን ነው የምናከብረው። ይሁን አልኩ። ከሱቄ አጠገብ ክዋይ የሚባለውን በቅጠል ተጠቅልሎ የሚታኘክ ፍሬ የምትሸጥ ኮንግ ትሪና ናት ይሁን ያላስባለችኝ። ቅጠሉን ኖራ እየቀባች፣ ቀና ሳትል፣ «ኮንግ ሚልዳ፣ ባልሽን ማውላይ ሰፈር አየሁት» አለችኝ።

«መቼ?»

«እሁድ። ታክሲው አንድ ቤት በር ላይ ቆማ። ያለፈውም እሁድ እዚያው ነበረች።»

«ተሳፋሪ ይዞ ይሆናል።»

«ይሆናል። ጊታር የያዘ ተሳፋሪ።»

ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ሾፌር ሳቀ። «ባህ ባንቴይ እኮ ሽበቱን መቀባት ብቻ ነው የቀረው» አለ።

«አንተ ያለብህን የሩዝ ሒሳብ እንዳትከፍል ነው የምትስቅብኝ?» አልኩት።

ማውላይ የባንቴይ ታናሽ እህት ድሮሲላ በወረሰችው የእናታቸው ቤት ትኖራለች። እሷን አስቤያት ነበር፣ ወዲያው ግን ተውኳት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ተኳርፈዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢገናኙ እንኳ ፊት ይዟዟራሉ። በምን እንደተጣሉ በጠየቅኩት ቁጥር የተለየ መልስ ነው የሚሰጠኝ። ደግሞስ እህቱ ጋ ከሄደ ምን ያስዋሸዋል? እህቴ ጋ ነኝ የማይል ወንድ የሄደው እህቱ ጋ አይደለም።

ነገሩ የባሰው ጊታሩ መጮህ ሲጀምር ነው። ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ሲል ማጉያው እንደሚታረድ አሳማ ያፏጭ ጀመር። ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። ባንቴይ አንድ ዘዴ አገኘ፤ ጊታሩና ማጉያው ሲራራቁ ጩኸቱ ይቀንሳል። ማእድ ቤቴ ከቤቱ ተለይቶ ከግቢው ማዶ ነው ያለው። ማጉያውን እዚያ ወስዶ ሩዝ በርሜሉ አጠገብ አስቀመጠው፣ ገመድ በገመድ ላይ ቀጥሎ በመስኮት አሳልፎ እስከ ፊት ለፊቱ ክፍል አደረሰው። እኔ አሳማ እየቀቀልኩ፣ ጊታሩ በጎኔ ይናገራል፣ ጊታረኛው ከግቢው ማዶ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ባህ ኔስ መጥቶ ሁለቱ ፊት ለፊቱ ክፍል ተቀምጠዋል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰው ማእድ ቤት የገባ መሰለኝ። ዞር ስል ማንም የለም። ድምፁ የሚመጣው ከማጉያው ነው፣ ቀጭን፣ ከጣሳ ውስጥ እንደሚወጣ።

«…ለኮንግ ነግረሃታል?» የኔስ ድምፅ ነው።

«ምኑን?»

«የክፍሉን ነገር ነዋ።»

«አልነገርኳትም።»

«ስትሰማ ትገድልሃለች።»

«እሱ ነዋ ያላስነገረኝ።»

ሳቁ። ቢላዬን አስቀመጥኩ።

«እሷስ ምን አለች?» አለ ኔስ።

«ገና ነው አለች። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና፣ ቀርቧል፣ ግን ገና ነው አለች።»

«ክፍሉን ግን ሰጥታሃለች?»

«ጠርጋዋለች። አልጋም አስገብታለች።»

ሌላ ሴት ብትሆን ዝናቡን ሰንጥቃ ሄዳ ትጮህ ነበር። እኔ አንዴ ከጮህኩ ሁለተኛ እንደማልሰማ አውቃለሁ። ሽንኩርቴን ከተፍኩ። ዓይኔ ያነባው በሽንኩርቱ ነው፣ ማንም ቢመጣ እንደዚያ ነው የምለው።

በማግስቱ ባንቴይ ሥራ ሲወጣ ማጉያውን አበራሁና የኢባን የጠረጴዛ ሰዓት ጊታሩ ላይ፣ ከክሮቹ ስር ባለው ማግኔት አጠገብ አስቀመጥኩ። ግቢውን ተሻግሬ ማእድ ቤት ገባሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሰይጣን አይደለም እንግዲህ። ጊታሩ ጆሮ አለው።

ከዚያ ወዲህ ኔስ በመጣ ቁጥር ማእድ ቤት ሥራ በዛብኝ። ጆሮ ያለው ለምን እንደሆነም የነገረኝ ራሱ ኔስ ነው፣ ሳያውቅ። «ይሄ ማግኔት ሰም አልጠጣም» አለው ለባንቴይ። «ርካሽ ስለሆነ የተጠመጠመበት ሽቦ ልል ነው። ሽቦው ይንቀጠቀጣል፣ የነካውን ሁሉ ይሰማል፣ ለዚያ ነው የሚጮኸው። ሻማ አቅልጠን እንንከረው፤ ሰሙ ሽቦውን ይይዘዋል፣ አበቃ።»

ሰም ከጠጣ እኔም አበቃልኝ። ክፍሉ የት እንደሆነ፣ ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ ባንቴይ መቼ እንደሚሄድ አላውቅም ገና። ቤት ውስጥ የነበረውን ሻማ ሁሉ ሩዝ በርሜሉ ውስጥ ቀበርኩት።

«ሻማ የት አለ?» አለኝ ማታውን።

«አለቀ።»

በማግስቱ ገዝቶ መጣ። «ድስት ስጪኝ» አለኝ፣ «ውሃ ውስጥ ሌላ ዕቃ አድርጌ ቀስ ብዬ ላቅልጠው፤ እሳት ከነካው ይነዳል።»

«በድስቴ አሳማ እንጂ ሻማ አይቀቀልም።»

«አሮጌውን ስጪኝ።»

«አሮጌው የእናቴ ነው።»

አየኝ። «በፊት ጩኸቱን አልቻልኩም ስትዪ አልነበር?»

«ለመድኩት። ደስ ይላል እንዲያውም። ለምን ታበላሸዋለህ?»

ባንቴይ ቂል አይደለም። ደስ ይላል ስለው ሻማውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እሱን ሳይ እሱም እኔን ያየኛል። ለሻይ ስንቀመጥ ሁለታችንም ስኒያችን ላይ እናፈጣለን። ኔስ ሲመጣም ወሬያቸው ስለ ክር ብቻ ሆነ። ሳጥኑን ገፋ አደረግኩት፤ የቀለለ መሰለኝ። ከፍቼ አየሁት፣ ሹራቡ የለም። ሹራቡን ታክሲ ውስጥ ሊተወው ይችላል፣ ብርድ ነው እኮ። ይችላል። ግን አልተኛሁም።

ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ እንደገባሁ ባንቴይን ማእድ ቤት ውስጥ ማጉያው ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«የኢባ እናት፣ ነይ እስኪ። እዚያ ሄደሽ ምቺልኝ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልስማው። ከሩቅ ሲሰማ ነው ልኩ የሚታወቀው።»

ሄድኩ። ጊታሩን ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ ክብደቱ እንደ ሕፃን ነው። መታሁ።

«ወፍራሙን ክር ብቻ» ብሎ ጮኸ ከማዶ።

ወፍራሙን መታሁ።

«ቀጥሎ ያለውን።»

መታሁ። ድምፁ ደረቅ ነው፣ አጭር ነው፣ ወዲያው ይሞታል። የፈለገው ይሄ ካልሆነ ምን እንደሚፈልግ እንጃ። በመስኮቱ አሻግሬ ጀርባውን አየዋለሁ፣ አንገቱን ወደ ማጉያው ዘንበል አድርጓል። ጎንበስ አልኩ፣ አፌን ማግኔቱ ላይ አስጠጋሁና፣

«ማውላይ ያስገባችልህ አልጋ ይመቻል?» አልኩ።

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ በዝናቡ ግቢውን ተሻገረ፣ ራሱን እንኳ አልሸፈነም። በሩ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚን?»

«ማጉያውን ማእድ ቤቴ ያስገባኸው አንተ ነህ። እኔ ጆሮዬን ይዤ አልመጣሁባችሁም።»

«ሻማውስ?»

«ሻማ የለም።»

«የኢባ እናት።»

«ሩዝ በርሜሉ ውስጥ ነው። አሁን አንተ ተናገር። ማን ናት?»

«ድሮሲላ ናት።»

«እህትህ ስምህን አታነሳም።»

«ድሮ። አሁን ታነሳለች። የአጎታችንን ዱይታራ የሰማ ሌላ ሰው በሕይወት የለም። እኔ የማስታውሰው እውነቱን ይሁን የተመኘሁትን አላውቅም፣ እሷ ግን ጆሮዋ አይረሳም። ሄጄ ለመንኳት። ዳኛዬ ናት።»

«ታዲያ ለምን ኔስ ጋ ነኝ አልከኝ?»

«ስታኮርፈኝ በሷ ላይ ያልኩትን ሁሉ ላንቺ ነግሬሻለሁ። አንቺም ብለሻል። ምን ፊት ኖሮኝ ልንገርሽ?»

«እሺ ዳኛ ትሁን። ክፍሉ ምንድን ነው?»

«ለጊታሩ ነው። እኔና ኔስ ቡድን ልናቋቁም ነው፣ የምንለማመድበት ቦታ የለንም።»

«አልጋውስ? ጊታሩ ይተኛል?»

አንገቱን አከከ። ያኔ ነው የፈራሁት።

«ክፍሉን የጠየቅኩት ለጊታሩ ነው» አለ። «አንቺ እምቢ ካልሽ ለኔም።»

«እምቢ የምለው ምኑን ነው? ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ከበሮ እዚህ ቤት ይገባል? ንገሪኝ እስኪ። ድስት ከልክለሽኝ ከበሮ ትፈቅጂልኛለሽ?»

መልሴን አልጠበቀም። ጊታሩን ከጭኔ አንስቶ ጀርባውን እየዳሰሰ፣ «ለማንኛውም አንድ ነገር ነው የቀረኝ። ሰኞ ማታ ኔስ መሮ ይዞ ይመጣል። ጀርባውን ቦርቡረን እንደ ዱይታራ ባዶ እናደርገዋለን። ያን ጊዜ ገና ነው አትለኝም» አለ።

ድሮሲላ ናት ማለቱን አላመንኩትም። ቢሆንስ የሚያስደስት ነው? ሌላ ሴት ጋ የሄደ ወንድ ሊያፍር፣ ሊመለስ ይችላል። እናቱ ቤት የተመለሰ ወንድ ግን ማን ምን ይለዋል? አገሩ ሁሉ ደግ አደረገ ነው የሚለው። እሁድን አሳለፍኩ፣ ጊታሩ ሳይቦረቦር ምን አሰማታለሁ ብሎ እሱም ማውላይ አልሄደም። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ለኮንግ ትሪና ትቼ ማውላይ ሄድኩ።

«ልታረጋግጪ ነው?» አለችኝ ትሪና።

«ጨርቅ ልገዛ ነው።»

«እንግዲያው ቀለሙን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ድሮሲላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። በሩን ሳንኳኳ ማን ነው ሳትል «ግቢ» አለች፣ ስታየኝ እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል አቆመ። ከዚያ ተነሳች፣ ክዋይ አቀረበችልኝ። ሰው ቢጠላም ክዋይ ሳይሰጥ አያወራም። ሁለታችንም አላመጥን።

«ክፍሉን ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ያውልሽ።»

መንገድ ዳር ያለ ክፍል ነው። ተጠርጓል፣ ሶኬት አለው፣ አልጋ አለው። አልጋው ላይ የባንቴይ ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የሌላ ሴት ነገር አየሁ አላየሁ ብዬ መስኮቱን፣ ጥጉን፣ ከአልጋው ስር ሁሉ አየሁ። ድሮሲላ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እኔ አልጠራሁትም፣ ኮንግ። ይሄን እወቂ። እሱ ነው የጠየቀኝ። ሚስትህ ቤት ቦታ የለም ወይ ስለው፣ አልጠየቅኳትም አለኝ። ለምን አልጠየቅካትም ስለው፣ ዝም አለ። ወንድ በሚስቱ ቤት ክፍል ስጪኝ ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ አንቺና እኔ የት እናውቀዋለን? ሁለታችንም በገዛ ቤታችን ነው የተወለድነው።»

«አልጋውንስ ማን አስገባው?»

«አልጋውን እኔ ነኝ» አለች። አላፈረችም።

«ዳኝነትሽ እንዴት ነው? ዛሬ ማታ ኔስ በመሮ ጀርባውን ሊቦረቡረው ነው።»

ክዋዩን ማላመጥ አቆመች። «የምኑን?»

«የጊታሩን። ገና ነው ስላልሽው።»

ሄዳ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ጨርቅ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ፊቷን ሳየው ገባኝ። ብዙ ሰው ጋ ነው የምውለው፣ የበላውን አልበላሁም የሚልን ፊት አውቃለሁ።

«ደርሷል» አልኳት። «አይደለም?»

«ቆዳውን ያደረገበት ቀን ነው የደረሰው» አለች ቀስ ብላ። «አጎታችን የተቀመጠ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ገና ነው አልሽው?»

«ደርሷል ካልኩት በሚቀጥለው እሁድ ምን ብሎ ይመጣል?»

ልጮህባት ነበር የሄድኩት። ለምን እንዳልጮህኩ አላውቅም። እሷም በገዛ ቤቷ ብቻዋን ናት፣ ልጆቿ ራቅ ራቅ ብለው ነው ያሉት፣ ያለው ወንድሟ እሱ ነው። ግን አላዘንኩላትም፣ ይህን እንዳታስቡ።

«ስሚ» አልኳት። «አሁን ስልክ ደውለሽ እሁድ እስክሰማው እንዳትነካው በዪው። እሁድ ይመጣል። ያን ጊዜ ደርሷል ትዪዋለሽ።»

«አንቺስ ምን ትሰጪኛለሽ?»

«ከዚያም በኋላ እሁድ እሁድ ይመጣል። እኔ እልከዋለሁ። ቢቀር ለምን ቀረህ ብዬ እጠይቀዋለሁ።»

«ጊታሩንም ይዞ?»

«ጊታሩንም ይዞ። የሚለማመደው ግን ከኔ ቤት ነው። የእናቴን ክፍል እሰጠዋለሁ።»

የእናቴ ክፍል ከሞተች ወዲህ ተቆልፎ ነው ያለው። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ድሮሲላም ታውቃለች፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አልጋውን አውጪው» አልኳት።

«አልጋው ይቆያል።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ዝናብ ቢይዘውስ?»

«ታክሲ አለው እኮ። ዝናብ ምን ያደርገዋል?»

«አልጋው ይቆያል፣ ኮንግ። የወንድሜ አልጋ ነው።»

ሹራቡን ከአልጋው ላይ አንስቼ ያዝኩ። እሱን አልከለከለችኝም።

ድሮሲላ ደውላ መሮውን አስቀረችው። የእናቴን ክፍል ቁልፍ ስሰጠው ባንቴይ ቁልፉን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ በሁለት ጣቱ ያዘው። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ሻማህን አቅልጥ» አልኩት፣ አሮጌውን ድስትም ሰጠሁት። ማግኔቱን ቀልጦ በተኛው ሰም ውስጥ አጠመቀው፣ ትንንሽ አረፋ ወጣ፣ አረፋው ሲያልቅ አወጣው። መልሶ ገጠመው። ማጉያውን ወደ ክፍሉ አስገባ፣ አልጮኸም። ማታ ሰዓቱን ጊታሩ ላይ አስቀምጬ ሞከርኩት። ምንም የለም።

እሁድ አብሬው ሄድኩ። ባንቴይ በመንገድ ላይ «አንቺም ትመጪያለሽ?» አለ እንጂ ሌላ አልጠየቀም። ድሮሲላ ሻይ አቀረበች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አጎቱ ይጫወተው የነበረውን ዜማ ጀመረ። ድሮሲላ ዓይኗን ጨፈነች። ከስምምነታችን አንድ ቃል እንዳታጎድል ከንፈሯን ነው የማየው።

ጨረሰ። ድሮሲላ ዓይኗን አልገለጠችም። ጉንጯ እርጥብ ነው። ይህን አልተስማማንበትም ነበር።

«ደረሰ» አለች።

ባንቴይ ይዘላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ መጀመሪያ እህቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ሹራቡ የነበረበትን ቦታ አየ።

«ካለፈው የተለየ ምን አደረግኩበት?» አለ።

«ሰሙ ነው» አለች ድሮሲላ።

«ሰሙ ነው» አልኩ እኔም፣ ትንሽ ፈጥኜ።

«ሰም ጩኸቱን ነው የሚያቆመው። ድምፁን አይለውጥም።»

ድሮሲላ ሻይ ጨምሪልኝ ሳልላት ሻይ ጨመረችልኝ። ባንቴይ ወፍራሙን ክር አንዴ መታው፣ አዳመጠው፣ እስኪሞት ጠበቀና ጊታሩን በጆንያው ጠቀለለ።

ስንመለስ ጭጋግ ነበር፣ መብራቱን አብርቶ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ድልድዩን እንዳለፍን፣

«ምን ተባባላችሁ?» አለኝ።

«ማንና ማን?»

«አንቺና ድሮሲላ።»

«መንገዱን እይ» አልኩት።